በርኖሱም የእግዚአብሔር ቃል ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ርዕሱን ስታዩ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። እኔ ግን የምሬን ነው የምጠይቀው።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የላከውን ሁለተኛ መልእክት አውጡ። ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 ላይ ብዙዎቻችን በቃላችን የምንይዘው አለ፦ «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ለትምህርትና ለተግሣጽ ልብንም ለማቅናት በጽድቅም ላለው ምክር ደግሞ ይጠቅማል።» አሁን አንድ ገጽ ግለጡ። ምዕራፍ 4 ቁጥር 13። ያው ጳውሎስ፣ በዚያው መልእክት፣ በጢሮአዳ አክርጳ ዘንድ የተውኩትን በርኖስ ስትመጣ አምጣልኝ ይላል። መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም የብራናዎቹን። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ ይለዋል። ብርዱ ነው እንግዲህ። የታሰረ ሰው ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል።

ታዲያ ይሄ ስለ በርኖስ የሚናገረው ቁጥር የእግዚአብሔር መንፈስ አለበት ወይስ የለበትም? ቶሎ ብለን «አለበት እንጂ!» እንላለን። «እንዴት?» ሲባል ነው የምንንተባተበው። ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ሥዕል የትምህርት ቤት የቃል ጽሕፈት ነው። መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይጽፋል። ተማሪው ከራሱ አንዲት ፊደል ከጨመረ ተሳስቷል። እግዚአብሔርም ከላይ እየተናገረ፣ ነቢዩ ወይም ሐዋርያው ከታች አቀርቅሮ ይጽፋል ብለን እናስባለን። በዚህ ሥዕል ውስጥ በርኖሱ ቦታ የለውም። እግዚአብሔር አይበርደውም፤ ጢሮአዳ የተወው ልብስም የለውም።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው፣ ክርስትና መጻሕፍቱ የእግዚአብሔር ናቸው ሲል የጻፏቸውን ሰዎች ከክፍሉ እንዳላስወጣቸው ነው። ሥዕሉ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። መጻሕፍቱን ራሳቸውን ብናነብ ደግሞ በየገጹ ያፈርሱታል።

መጀመሪያ ስለዚያች ቁጥር 16 አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ እናልፋለን። ጳውሎስ እዚያ «መጽሐፍ» ሲል ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያወቃቸውን ቅዱሳት መጻሕፍት ነው። አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ያሳደጉት በነዚያ ነው። ብሉይ ኪዳን ማለት ነው። አዲስ ኪዳን የሚባል አንድ ጥራዝ ያኔ አልነበረም። ቁጥሩም መጻሕፍቱ እንዴት እንደተጻፉ አያብራራም። የማን እስትንፋስ እንዳለባቸው ይናገራል፣ ከዚያ ምን እንደሚጠቅሙ ይዘረዝራል። ሁለተኛ የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 21 ትንሽ ይጨምርልናል፦ «በእግዚአብሔር ተልከው ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ።» የተናገሩት ሰዎች ናቸው። የነዳቸው መንፈስ ቅዱስ ነው። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሉ፣ ጸሐፊውም አንዱን ለማዳን ሌላውን አልሰረዘም።

የቃል ጽሕፈቱ ሥዕል ከየት መጣ? ብዙ ምንጭ አለው። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ላንሣ። ከመጻሕፍታችን አንዱ የሆነውን ዕዝራ ሱቱኤልን ያነበበ ያስታውሳል። ኢየሩሳሌም ጠፍታለች፣ ሕጉ ተቃጥሏል። ዕዝራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ጽዋ ይሰጠዋል። የጽዋው ውስጥ ውኃ ይመስላል፣ መልኩ ግን እንደ እሳት ነው። ይጠጣል፣ አፉም ይከፈታል፣ አይዘጋም። አምስት ጸሐፍት ተቀምጠው 40 ቀን ይጽፋሉ። 94 መጻሕፍት ይወጣሉ። 24ቱን ለሁሉ ግለጥ፣ 70ውን ለጠቢባን አስቀምጥ ይባላል። ይህን ያህል የሚነድ የማስጻፍ ታሪክ ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ግን በደንብ አንብቡት። ጽዋውን ከጠጣ በኋላ ዕዝራ ምን ሆነ? ልቡ ማስተዋልን አፈለቀ፣ ጥበብ በውስጡ አደገ፣ ማስታወሱም አልጠፋም ይላል። ራሱን አልሳተም። እሳት ጠጥቶ እንኳ ዕዝራ ዕዝራ ነው።

ሌላው የሰብዓ ሊቃናት ታሪክ ነው። ንጉሥ በጥሊሞስ የአይሁድን መጻሕፍት ወደ ግሪክ ለማስተርጐም ሊቃውንት ከኢየሩሳሌም አስመጣ። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ቤት አስገባቸው። ሲወጡ የሁሉም ትርጉም ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማነው እንዲህ ነው አይደል? ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ይህን ታሪክ ከሚናገሩት ጽሑፎች ሁሉ የቀደመው፣ የአርስጤያስ ደብዳቤ የሚባለው፣ ሌላ ይላል። 72 ሰዎች ነበሩ፣ በእስክንድርያ አጠገብ ባለች ደሴት ተቀመጡ፣ ሥራቸውን እያስተያዩና እየተመካከሩ ተስማሙ፣ በ72 ቀን ጨረሱ። ኮሚቴ ነበሩ ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፊሎን ሁሉም የማይታይ አስጻፊ እንዳላቸው ያህል አንድ ዓይነት ቃል ጻፉ አለ። ለየብቻ የተዘጋው ቤት ከዚያም በኋላ ነው የመጣው። ሄሮኒሞስ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ነበረና በቤቶቹ ታሪክ አፊዟል። የትርጉምን ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስቀዋል መሰለኝ።

ታሪኩ ሲያድግ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በመጀመሪያ የሚመካከሩ ሽማግሎች ነበሩ። ዘመኑ በራቀ ቁጥር ሰዎቹ እየጠፉ ሄዱ። ደግነቱ ትውፊታችን ከነዚያ ሊቃናት አንዱን አላጠፋም። አረጋዊ ስምዖን «ድንግል ትፀንሳለች» የሚለውን ለመተርጐም ያመነታው፣ ክርስቶስን ሳያይ ሞትን እንዳያይ የተባለው፣ እርሱ ነው ይባላል። የተጠራጠረ ተርጓሚ! ቃል ጽሕፈት የሚጽፍ ተማሪ አይጠራጠርም።

በክርስትናም ውስጥ ሰውየውን ጨርሶ ያስተኙ ነበሩ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በፍርግያ፣ በዛሬዋ ቱርክ ማለት ነው፣ ሞንታኖስ የሚባል ሰው ተነሣ። ከእርሱ አፍ የወጣ ተብሎ የተጠቀሰ ቃል አለ፦ ሰው እንደ በገና ነው፣ እኔ እንደ መምቻው በላዩ እወርዳለሁ፤ ሰው ይተኛል፣ እኔ እነቃለሁ። ይህን ቃል ጠቅሶ ያቆየልን የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ ነው፤ ቅዳሴ በስሙ የምንቀድስለት ያው ኤጲፋንዮስ። መልሱም አጭር ነው። ነቢያት አእምሯቸው ተረጋግቶ፣ የሚናገሩትን እያወቁ ነው የተናገሩት አለ። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ከቤተ ክርስቲያን ጸሐፍትም የሙዚቃ መሣሪያውን ምሳሌ የወደዱ ነበሩ። አቴናጎራስ መንፈስ ቅዱስ ነቢያትን እንደ ዋሽንት ነፋባቸው ብሏል። ምሳሌው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ «ሰው ይተኛል» የሚለው ላይ ነው።

ጫፍ የወጣውን ለማየት ግን ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ፣ እ.ኤ.አ. 1675። እዚያ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት ባወጡት የእምነት ሰነድ የዕብራይስጡ ፊደል ብቻ ሳይሆን አናባቢ ነጥቦቹም ከእግዚአብሔር እስትንፋስ ናቸው የሚል ሐሳብ አሰፈሩ። ዕብራይስጥ ጥንት የሚጻፈው በተነባቢ ብቻ ነበር። ነጥቦቹን ያስገቡት ማሶሬታውያን የሚባሉ አይሁድ ሊቃውንት ናቸው፣ ያውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ። ሰዎቹ ለምን እዚያ ደረሱ? ፈርተው ነው። ነጥቡ የሰው ሥራ ከሆነ ንባቡም የሰው ሊሆን ነው፣ ንባቡ የሰው ከሆነ ሁሉ ነገር ይናዳል ብለው። ይህ ፍርሃት ዛሬም አብሮን አለ። ቅን ፍርሃት ነው፣ ግን መጽሐፉን አይመስልም።

መጽሐፉን የሚመስለው ምንድን ነው? ኤርምያስ ምዕራፍ 36። እኔ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብብ ብባል ይህን ነው የማነበው።

ጊዜው ኢዮአቄም የነገሠበት ዘመን ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 605 ገደማ። እግዚአብሔር ኤርምያስን እስከ ዛሬ የነገርሁህን ሁሉ በመጽሐፍ ጻፍ ይለዋል። ኤርምያስ ጸሐፊውን ባሮክን ይጠራል። ኤርምያስ ይናገራል፣ ባሮክ ይጽፋል። ቃል ጽሕፈት ፈልጋችሁ ከነበረ ይኸውላችሁ፣ ግን የሚያስጽፈው ኤርምያስ ነው። በዓመቱ ባሮክ ጥቅልሉን በቤተ መቅደስ ለሕዝቡ ያነባል። ወሬው መኳንንቱ ጋ ይደርሳል፣ ባሮክን አስጠርተው ይሰሙታል፣ ይደነግጣሉ። ከዚያ አንድ የሚገርም ጥያቄ ይጠይቁታል። ይህን ሁሉ ቃል እንዴት አድርገህ ጻፍኸው? የዛሬው ርዕሳችን ያኔም ጥያቄ ነበር። የባሮክ መልስ ደረቅ ነው፦ እርሱ በአፉ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም በቀለም እጽፍ ነበር። በቃ። ራእይ የለም፣ ብርሃን የለም። ቀለም አለ።

መኳንንቱ ባሮክንና ኤርምያስን ተሸሸጉ ይሏቸዋል። ጥቅልሉ ንጉሡ ፊት ይቀርባል። ዘጠነኛው ወር ነው፣ ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጧል፣ እሳት በፊቱ ይነዳል። ይሁዲ የሚባል ሰው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ቢላዋ እየቆረጠ እሳቱ ውስጥ ይጥላል። እስከ መጨረሻው። ሦስት ሰዎች እንዳያቃጥል ለመኑት፣ አልሰማም። የእግዚአብሔር ቃል አመድ ሆነ።

ከዚያስ? ኤርምያስ ሌላ ጥቅልል ይወስዳል፣ ለባሮክ ይሰጠዋል፣ እንደገና ይናገራል፣ ባሮክም ይጽፋል። የምዕራፉ መጨረሻ ታዲያ ይህን ይጨምራል፦ እንደ እነዚያም ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት። ተጨመረበት! አሁን የቃል ጽሕፈት ሥዕላችሁን ይዛችሁ ኑና የትኛው ነው እውነተኛው ብላችሁ ጠይቁኝ። የተቃጠለው አጭሩ ነው ወይስ የተረፈው ረጅሙ? መጽሐፉ በዚህ አይጨነቅም። የተቃጠለው የእግዚአብሔር ቃል ነበር። ተስፋፍቶ የተጻፈውም የእግዚአብሔር ቃል ነው።

ነገሩ እዚያ አያቆምም። ትንቢተ ኤርምያስ በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ውስጥ ከዕብራይስጡ በስምንተኛ ያህል ያጥራል፣ የምዕራፎቹም ቅደም ተከተል ይለያል። ድሮ ሰዎች ተርጓሚዎቹ ቆርጠውት ነው ይሉ ነበር። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የብራና ቁርጥራጮች ግን አጭሩም ረጅሙም በዕብራይስጥ ጎን ለጎን እንደነበሩ አሳዩ። የግእዙ ብሉይ ኪዳን መሠረቱ የግሪኩ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ያነበቡት ኤርምያስና ሌላው ዓለም ያነበበው ኤርምያስ መጠናቸው ልክ አንድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ኤርምያስ ነቢይ መሆኑን የተጠራጠረ አላየሁም።

ወደ ሉቃስ እንምጣ። የወንጌሉን የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች ብቻ ስሙ። ብዙዎች ከእኔ በፊት ታሪኩን ለማዘጋጀት ሞክረዋል ይላል። በዓይናቸው ያዩት እንዳስተላለፉልን ይላል። እኔም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትዬ በየተራው ልጽፍልህ መልካም ሆኖ ታየኝ ይላል። «መልካም ሆኖ ታየኝ»! መልአክ ተገልጦ ጻፍ አለኝ አላለም። ጠየቅሁ፣ አጣራሁ፣ በተራ አስቀመጥሁ ነው የሚለው። ዛሬ ጋዜጠኛ የምንለው ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። መንፈስ ቅዱስ በሉቃስ ሥራ ላይ ነበረ ብለን የምናምን ከሆነ፣ በጥየቃው ውስጥ ነበረ ማለታችን ነው። በድካሙ ውስጥ፣ በመረጣው ውስጥ።

ሉቃስ ሐኪም ነው፣ የቆላስይስ መልእክት «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል። ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት ማርቆስ ሲተርክ በብዙ ባለ መድኃኒቶች እጅ ተሠቃየች፣ ገንዘቧን ሁሉ ጨረሰች፣ እየባሰባት ሄደ እንጂ ምንም አልረባትም ይላል። ሉቃስ ያንኑ ታሪክ ሲጽፍ ማንም ሊፈውሳት አልቻለም ብሎ ረጋ ያደርገዋል። «ባሰባት» የሚለው ቀርቷል። የሙያ ባልደረቦቹን ማዋረድ አልፈለገም ይሆን? ልማልላችሁ አልችልም፣ ግን ባነበብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ጳውሎስ ደግሞ ይረሳል። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1። በስሜ ተጠመቅን እንዳትሉ ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ከእናንተ ማንንም ስላላጠመቅሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ይላል። ወዲያው ደግሞ ያስታውሳል፦ የእስጢፋኖስንም ቤተ ሰዎች አጥምቄአለሁ። ቀጥሎ እጁን ያነሣል፦ ሌላ አጥምቄ እንደሆነ አላውቅም። አስቡት፣ የሚናገረውን እየጻፈ ያለ ጸሐፊ አጠገቡ አለ። ስሕተቱን ሰርዞ ማስተካከል ይቻል ነበር። አልተሰረዘም። አንድ ሰው ሲያስብ፣ ሲሳት፣ ራሱን ሲያርም የሰማነው እንዳለ ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። በሮሜ መልእክት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ራሱ ብቅ ብሎ ሰላም ይላል፦ ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ። የዕብራውያን መልእክትን በተመለከተ ደግሞ የጥንቱ የእስክንድርያ መምህር ኦሪገን ሐሳቡ የሐዋርያው ነው፣ አጻጻፉ ግን የሌላ ሰው ነው፣ ማን እንደጻፈው በእውነት የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው ብሏል። የጸሐፊው ስም አለመታወቁ መልእክቱን ከቅዳሴ ንባብ አላስወጣውም።

አንዳንዴ ቃሉ ከእስራኤል ውጭ የመጣበትም አለ። በምሳሌ መጽሐፍ ከምዕራፍ 22 ቁጥር 17 ጀምሮ ያለው ምክር የግብፁ ጠቢብ አሜነሞፔ ከተወው ትምህርት ጋር እጅግ ይቀራረባል። የግብፁ ፓፒረስ እንግሊዝ ሀገር ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ታትሞ ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ መደንገጡ አይገባኝም። ጳውሎስ በአቴና የአረማውያንን ባለ ቅኔ ጠቅሶ ሰብኳል፣ የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ አለ።

እዚህ ላይ ሁላችሁንም የገጠማችሁን ጥያቄ ላንሣ። ሙስሊም ጓደኛ ወይም ጎረቤት ያለው ሰው አንድ ቀን ይጠየቃል። መጽሐፋችሁ የእግዚአብሔር ከሆነ ጳውሎስ «እኔ እላለሁ፥ ጌታም አይደለም» ለምን ይላል? አንደኛ ቆሮንቶስ 7 ቁጥር 12 ነው። ብዙ ልጆቻችን እዚህ ላይ ይቆማሉ፣ አንዳንዱም ይቆጣል። መቆጣት አያስፈልግም። ጥያቄው በጠያቂው ሚዛን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእስልምና እምነት ቁርኣን በጅብሪል በኩል ለነቢዩ የወረደ የአላህ ንግግር ነው፤ ነቢዩ ደራሲው ተደርገው አይታዩም። በዚያ ሚዛን «እኔ እላለሁ» የሚል መጽሐፍ ራሱን በራሱ ያጋለጠ ይመስላል።

ጳውሎስ እዚያ የሚያደርገው ግን ግልጽ ነው። ቁጥር 10 ላይ ስለ ፍቺ ጌታ በምድር ሳለ ያስተማረውን ይጠቅሳል፣ ይህን ያዘዘው ጌታ ነው ይላል። ቁጥር 12 ላይ ከማያምን ጋር ስለ ተጋባ ሰው ይጠየቃል። ጌታ በዚህ ላይ የተናገረው ቃል የለውም። ስለዚህ ከራሱ ቃል አውጥቶ በጌታ አፍ አያስቀምጥም። ይህን እኔ ነኝ የምለው ይላል። በምዕራፉ መጨረሻም የእግዚአብሔር መንፈስ በእኔም ላይ ያለ ይመስለኛል ብሎ ይዘጋል። ይህን ጥንቃቄ ያየ ሰው ጳውሎስን ማመን ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም።

ልዩነቱ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ለክርስቲያን «የእግዚአብሔር ቃል» ሲባል ከመጽሐፍ በፊት የሚመጣው አካል ነው። ቃል ሥጋ ሆነ እንላለን። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ የተዋሕዶ ልጆች ስለሆናችሁ በናንተው ቋንቋ ልናገር። መለኮትና ሥጋ ተዋሐዱ ስንል ሥጋው ጠፋ ማለታችን ነው? አይደለም። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ብለን ነው የተማርነው። ጌታ ራበው፣ ደከመው፣ በታንኳ ውስጥ አንቀላፋ። ሥጋው ምትሐት ነው ያሉትን አባቶች አውግዘዋል። ታዲያ ስለ መጽሐፉ ስንናገር ለምን ምትሐት እንፈልጋለን? ለምን የኤርምያስ ልቅሶ ልቅሶ እንዳይሆን፣ የጳውሎስ ብርድ ብርድ እንዳይሆን እንፈልጋለን? ንጽጽሩ ወሰን አለው። መጽሐፍ ሰው የሆነ አምላክ አይደለም፣ አይሰገድለትም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው የመጀመሪያ ስብከቱ አራቱ ወንጌላውያን በጥቃቅን ነገር ለምን ይለያያሉ የሚለውን አንሥቶ ነበር። በጊዜውም በቦታውም በቃላቱም ሁሉ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ጠላቶቻችን ተሰብስበው ተማክረው ነው የጻፉት ይሉ ነበር፤ ልዩነታቸው ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ ያወጣቸዋል አለ። ልዩነቱን አልካደውም። በዘመናችን አንዳንድ ሰባኪ ልዩነት የለም ብሎ ሲምል ስሰማ አፈወርቅ ምን ይል ነበር እላለሁ።

ስሕተት አለበት የለበትም የሚለው ክርክር በምዕራቡ ዓለም ብዙ ቀለም አፍስሷል። በአጭሩ ልለፈው። የፕሮቴስታንት ወንጌላውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ ላይ ባወጡት መግለጫ መጽሐፉ ከስሕተት የጠራ ነው አሉ፣ ይህም በቀጥታ የሚመለከተው መጀመሪያ የተጻፈውን እንደሆነ ገለጹ። ግን ያው መግለጫ እግዚአብሔር የጸሐፊዎቹን ማንነት አልደፈጠጠም ይላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጸሐፊዎቹ እውነተኛ ደራሲዎች ናቸው አለች፣ መጻሕፍቱም ለመዳናችን የሚሆነውን እውነት ያለ ስሕተት ያስተምራሉ አለች። ሁለቱ በብዙ ነገር አይስማሙም። ቃል ጽሕፈት አይደለም በሚለው ላይ ግን ይገናኛሉ።

እኔን ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚያሳስበኝ መዝሙረ ዳዊት ነው። ሌሎቹ መጻሕፍት እግዚአብሔር ለሰው የተናገራቸው ናቸው ማለት ይቻላል። መዝሙር ግን ሰው ለእግዚአብሔር የተናገረው ነው። እናቶቻችን በየቀኑ የሚደግሙት የሰው ጩኸት ነው። እስከ መቼ ትረሳኛለህ? ለምን ተውኸኝ? መዝሙር 88ን፣ በግእዙ 87ኛውን፣ አንብቡ። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙራት መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ። ይሄ አይመለስም። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ይህ እንዴት የእግዚአብሔር ቃል ይሆናል? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ማርቀሊኖስ ለሚባል ሰው በጻፈው ደብዳቤ መዝሙራት ለሚዘምራቸው ሰው እንደ መስታወት ናቸው ይላል፤ የራሱን ነፍስ ያይባቸዋል፣ ቃሉም የራሱ ቃል ይሆንለታል። እግዚአብሔር ሰው የሚጮኽበትን ቃል እንኳ ሰጠ ማለት ነው። ጩኸቱ ግን እውነተኛ የሰው ጩኸት ካልሆነ አይሠራም። አስመስሎ የጮኸ ሰው መዝሙር ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንንም አያጽናናም።

አትናቴዎስን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እርሱ ነው። እርሱው እ.ኤ.አ. በ367 በጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ዝርዝር አወጣ። የዛሬዎቹ 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ልክ እንዳሉ የተዘረዘሩበት የመጀመሪያው የምናውቀው ሰነድ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የላከው ልጁ ያጸናት ቤተ ክርስቲያን ግን ሄኖክን አቆየች። ሙሉ መጽሐፉ እስከ ዛሬ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በቁምራን ተገኝተዋል። የይሁዳ መልእክት ከሄኖክ ይጠቅሳል። እኛ 81 እንላለን፣ ያ 81 እንዴት እንደሚቆጠር እንኳ በራሳችን ዝርዝሮች መካከል ልዩነት አለ። ፕሮቴስታንቱ 66 ይላል። ካቶሊኩ 73። መጻሕፍቱ እስትንፋሰ እግዚአብሔር ናቸው በሚለው ሁሉም ይስማማሉ፣ የትኞቹ በሚለው ይለያያሉ። እስትንፋሱ ያለበትን ለይቶ ያወቀው ሲያነብ፣ ሲጸልይ፣ ሲከራከር የኖረ ሕዝብ ነው። እዚህም ሰው አለ።

ከዚህ ንግግር በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል አንዲት ልጅ ያቀረበችው ስለ ቅዱስ ያሬድ ነበር። ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው ዜማ ካስተማሩት፣ የዜማ መጽሐፉ ድጓውስ ለምን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልገባም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያሬድን በመንፈስ ቅዱስ የተቀኘ ትለዋለች፣ ይህን አትሰስትም። ድጓውን ግን ከ81ዱ አልደመረችም፣ ያሬድም ይደመርልኝ አላለም። የነቢያትና የሐዋርያት ቃል መሠረት ነው፤ ያሬድ መሠረቱ ላይ ቆሞ ዘመረ። ድጓውን ገልጣችሁ ብታዩ ብዙው ከመጻሕፍቱ የተወጣጣ ነው፤ ከኢሳይያስ፣ ከዳዊት፣ ከወንጌል። በመንፈስ መናገር ለብዙዎች ተሰጥቷል። ሌላው ሁሉ የሚለካበት ቃል መሆን ግን የተወሰነላቸው መጻሕፍት አሉ። ልጅቷ «ታዲያ ያሬድ ከማን ያንሳል?» አለችኝ። ከማንም አያንስም አልኳት። ሥራው ነው የተለየው።